የኦክቡን አዲስ አንደበት

ዳሄ ከደሴቲቱ ወደ ከተማ በሚሻገረው ጀልባ ላይ ስልኳን ፊቷ ደቅና በእንግሊዝኛ ስታወራ፣ ጎረቤቷ ኦክቡን የደረቅ ዓሣ ዘንቢላቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትንጫጪው?»

«ከአስተማሪዬ ጋር ነው፣ እትዬ።»

«ሰው ከሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ይነጋገራል እንጂ ከመስታወት ጋር ይለፈልፋል? ወይ ጉድ!»

ዳሄ ስልኩን ዘግታ ሳቀች። የሴትዮዋ ወንድ ልጅ አንዲት የፊሊፒንስ ልጅ ሊያገባ ነው፤ የሙሽራዋም እናት በመጸው ይመጣሉ።

«እርስዎስ ከምራትዎ እናት ጋር በምን ሊግባቡ ነው?»

«ፈገግ እላለሁ፤ ሩዝ አቀርባለሁ፤ አበቃ። በዚህ ዕድሜዬ ተኮላትፌ መሳቂያ ልሁን?»

«እኔም ትምህርት ቤት ሳለሁ አፌን አልከፍትም ነበር። አንድ ቃል ስስት ክፍሉ በሙሉ ይስቅብኛል። በስልክ ግን የሚሰማኝ አንድ ሰው ነው። ካፈርኩ እዘጋዋለሁ እላለሁ፤ እስካሁን ግን አፍሬ ዘግቼው አላውቅም።»

ብዙዎቻችን ፍርሃታችንን የወግ ልብስ አልብሰን እንደምንኖር ኦክቡንም ሳይገባቸው አልቀረም።

«እስቲ በይ፣ እኔንም አለማምጂኝ» አሉ ጀልባው ሲጠጋ።

ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት እንደለመዱ ዳሄ ከሙሽራዋ እናት ከኤርሊንዳ ጋር በቪዲዮ አገናኘቻቸው። ኦክቡን «ልጅሽ ዓሣ ትበላለች?» ሊሉ ፈልገው «ዓሣ ልጅሽን ይበላል?» ብለው ጠየቁ። ኤርሊንዳ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ ኦክቡንም ስህተቱ ሲነገራቸው አብረው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ራሳቸው «ደውዪልኝ» የሚሉ ሆኑ።

በመጸው እንግዳዋ ኤርሊንዳ ወደብ ላይ ሲወርዱ ግን ቃል የጠፋት ዳሄ ናት። በስልክ እንደ ወፍ የምትዘምረው ልጅ የሰው ዓይን ሲያርፍባት ምላሷ ተሳሰረ። ኦክቡን እጃቸውን ዘርግተው በተሰባበረ እንግሊዝኛ «እህቴ፣ መጣሽ! በላሽ?» አሉ። ሁለቱ ተቃቀፉ።

«አየሽ?» አሏት ኋላ። «ስልኩ አፌን ከፈተልኝ፤ አላማሁትም። አንቺ ግን እዚያው ቀረሽ። ነገ ከእሷ ጋር ገበያ ትወርጃለሽ።»

«እትዬ፣ ያለ እርስዎ?»

«ያለ እኔ!»

ዳሄ በማግስቱ ሄደች፤ ስትመለስ የኤርሊንዳ ዘንቢል ሞልቷል፣ እሷም ከማውራት ብዛት ድምጿ ሰልሏል። ሐፍረትን ለማስለቀቅ ስልኩ፣ ድፍረትን ለማጽናት የሰው ፊት እንደሚያስፈልግ ያን ቀን ገባት።

ኤርሊንዳ አገራቸው ከገቡ በኋላም የሁለቱ ሴቶች ወሬ አልተቋረጠም። አንድ ማለዳ ኦክቡን በባዶ እግራቸው እየሮጡ የዳሄን በር ደበደቡ።

«አያት ልሆን ነው! ኤርሊንዳ በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ!»