የዳቦ ቤቱ ምድጃ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ አዳራሹን አሳምራችሁ፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ እኔን በጡረታ ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ንግግሬን አሳጥራለሁ። ባለቤቴ «እሷ አሳጥራለሁ ካለች ወንበር ፈልጉ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬ ግን አሳፍረዋለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ ኖርኩ። የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ከእናንተ ጋር አንድ ሰፈር ከካርቦን ልቀት ነፃ ለማድረግ ስሯሯጥ አሳለፍኩ። በየጣሪያው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሰቀልን፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የጋራ ባትሪ አቆምን፤ ጄኔሬተሮቹን አንድ በአንድ አሰናበትን። የቀረን ዳቦ ቤቱ ነበር። ያ በናፍጣ የሚነድ ምድጃ ብቻውን የአርባ ቤት ያህል ጭስ ይተፋ ነበር።

ጋጋሪውን ታውቁታላችሁ፤ ቁጡ ነው። በኤሌክትሪክ ምድጃ እንቀይርልህ ስለው፣ እጁን ከሊጡ ሳያወጣ ቀና ብሎ አየኝ።

«እህቴ፣ ዳቦ ጋግረሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም ሽቦ አልቀጥልም።»

ስምንት ወር ተመላለስኩበት። በመጨረሻ እሺ ያሰኘችው ሚስቱ ናት። ከምድጃው ጎን ቆማ ዳቦ ስትሸጥ ከጭሱ የመጣው ሳል አላስቆም አላስቀምጥ ይላት ነበር። «እስቲ ለእኔ ብለህ ሞክረው» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዳቦዬ ከተበላሸ ዓይንሽን እንዳላይ!» አለኝ።

ተበላሸ! በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ሦስት መቶ ዳቦ ከገባ በኋላ ምድጃው ድርግም አለ። ውጭ ሰልፉ መንገዱን ተሻግሯል። ጥፋቱ የማን ነበር? የእኔ። የመረጥኩት ገመድ ለዚያ ምድጃ ቀጭን ነበር። «ደግመን እናስላው?» ያለችኝን የሥራ ባልደረባዬን፣ «ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ!» ብዬ ዝም ያሰኘኋትም እኔው ነኝ። ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ነገሩን አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። የኔ እህት፣ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ከነገ ጀምሮ ቦታዬን የምትይዢው አንቺ በመሆንሽም ደስ ብሎኛል።

ያን ቀን ሰልፈኛው ፊት ቆሜ፣ «ጥፋቱ የጋጋሪው አይደለም፤ የእኔ ነው» አልኩ። እናንተ ግን ጥላችሁኝ አልሄዳችሁም። መንገዱን ቆፍራችሁ ወፍራም ገመድ መዘርጋት ጀመራችሁ። ጋጋሪው እጁን አጣምሮ ሲያያችሁ ቆየና፣ አካፋ አንስቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

በአራተኛው ቀን ዳቦው ወጣ። ጋጋሪው አንዱን ገምሶ አሸተተና ጎረሰ።

«ጨው አንሶታል» አለ። «እሱ ግን የእኔ ጥፋት ነው።»

ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን፤ እሱም ሳይቀር።

ይኸው ያለፈውን ዓመት ሙሉ ሰፈሩ የተጠቀመበትን ኃይል ከራሱ ጣሪያ አገኘ። አንዲት ጠብታ ናፍጣ አልገባችም። የጋጋሪው ሚስት ሳል ጨርሶ ባይለቃትም፣ «አሁን ደረጃውን ሳላርፍ እወጣለሁ» ብላኛለች። ከዚህ በላይ ምን ሽልማት እፈልጋለሁ?

ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር እየጠበቃችሁ ነው። ጣሪያ ላይ ስትወጡ እግራችሁን ያጽናው። ክንዳችሁ አይዛል፣ ጤናና ፍቅር አይለያችሁ። ልጆቻችሁ ንጹሕ አየር እየማጉ ይደጉ። እናንተም ተራችሁ ሲደርስ፣ እንደ እኔ ደስ ብሏችሁ ቤታችሁ ለመግባት ያብቃችሁ። አመሰግናለሁ።