ፕላዝማውን ያጠፋችው ልጅ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ታክሲ ሁለት ሴት ተማሪዎች ከፊቴ ያወራሉ፤ እኔ ለወጉ ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ከፍቻለሁ።

«ዘሐራ፣ የክፍሉን ፕላዝማ ምን አድርጎሽ አጠፋሽው?»

«በቴሌቪዥኑ የሚያስተምረው ጥያቄ ይጠይቅና፣ እስክሪብቶ ሳናነሳ ‹ጎበዞች! ልክ ናችሁ!› ብሎን ያልፋላ! የኛው አስተማሪ ቀስ ብሎ እንዲያስረዳን ነው፣ ወላሂ።»

«አሁን ወላጅ ካላመጣሽ አትገቢም።»

«አባቴ ከሰማማ ትምህርቱ ቀረ፤ አገር ቤት ሐርቡ ወስዶ ይድረኛል።»

«አባት የሚመስል ሰው ፈልጊያ! እኚህ ከኋላችን ያሉትስ?»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል!»

«ተኝተዋል ባክሽ። ግን ለአባትነት አርጅተዋል።»

«አያትስ ወላጅ አይደል?»

ዓይኔን እንደጨፈንኩ ኮፍያዬን አቃናሁና፣ «የልጅ ልጄ ዘሐራ» ማለትን በሆዴ እለማመድ ጀመር።