የክርስትና ስም

ከደምበጫ ወደ ማርቆስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሬዲዮው፣ ሴት ሆኖ የተወለደ ሰው በመታወቂያው ወንድ መባል ይችላል ወይ በሚል ጉዳይ በአንድ የውጭ አገር ፓርላማ ክርክር መነሳቱን ተናገረ። ከፊቴ የተቀመጡት ቄስ አማተቡ።

«ፓርላማ ቁጭ ብሎ ይኼን ይከራከራል?»

«ይከራከራል አባ» አለ አጠገባቸው የተቀመጠው አስተማሪ። «ሕግ ያወጡበት አገርም አለ።»

«በስመ አብ! እኛ ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን እናጠምቃለን። እነሱ በስንት ቀን ሊያጠምቁ ነው?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ከቄሱ ኋላ፣ ከእኔ ጎን የተቀመጡት እናት ግን አልሳቁም።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ ልጄ።»

«በሰማንያ ቀኗ ወለተ ማርያም ተብላ የተጠመቀች ልጅ፣ አድጋ ወንድ ነኝ ብትልስ?»

«የት አገር?»

«እዚሁ አገር ነው። የወለድኳት ልጅ ናት። አዲስ አበባ ነው ያለችው። ለራሷ ባወጣችው የወንድ ስም ካልጠራኋት ስልኬን አታነሳም።»

«ኧረ እመ ብርሃን!»

አስተማሪው ዞር ብሎ አያቸው። የሚስቅ ሰው ጠፋ።

«አሁን ታማብኛለች አባ። እሁድ በቅዳሴ እንዲጸለይላት ስሟን ልሰጥ ነው። የትኛውን ልስጥ?»

ቄሱ መስቀላቸውን አገላበጡ።

«እኔ እንጃ ልጄ።»

«እርስዎ እንጃ ካሉ፣ እነዚያ ቢከራከሩ ምን ይገርማል?»

መውረጃዬ አማኑኤል ከተማ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ማለቱን ረስቼ አለፍኩ።