ዓይን የሚያሳርፈው መስኮት

በደርግ ጊዜ ነው። ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ በሚሄድ ውይይት ታክሲ ውስጥ ጉልበታችን እየተነካካ ፊት ለፊት ተቀምጠናል። አንዲት እናት ዓይኗ የቀላ ወጣት ትኩር ብለው አዩና፣

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ። ማን አረፈብሽ?» አሏት።

«ኧረ ማንም አልሞተብኝም፣ እማማ። የኮምፒውተር ሥራዬ ነው ያቀላው።»

«ያ ቴሌቪዥን የሚመስለው?»

«አዎ። ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ፊቴ ላይ ሲርገበገብ ይውላል። ማታ ማታ ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስለኛል።»

«መላ የለውም?»

«ሐኪም ቤት ብርሃኑን ቀንሺ፣ ዓይንሽን ቶሎ ቶሎ ጨፈን ገለጥ አድርጊ፣ በመሃል እየተነሳሽ በመስኮት ሩቅ ሩቁን እዪ ብለውኛል።»

«አለቃሽ ዝም ይልሻል?»

«መጀመሪያ ‹ጓዲት፣ ውጭ ማንን ትጠብቂያለሽ?› ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር። ሳስረዳው ተወኝ።»

«ደግ ሰው ነው።»

«አሁንማ እሱም እየመጣ አጠገቤ ቆሞ ሩቅ ሩቁን ያያል።»

«አይ፣ የሱም ዓይን ታሞ ነዋ። እሱም ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው?»

«ኧረ እሱስ ኮምፒውተር የለውም።»

እናትየው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

«አላገባም?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እማማ።»

«አሁን ደግሞ ፊትሽም ቀላ እኮ፣ ልጄ። እሱንም ያቀላው ኮምፒውተሩ ነው?»

እኔ ከዚያ በኋላ 18 ማዞሪያ እስክወርድ ድረስ ሩቅ ሩቁን፣ ወደ ወጨጫ ተራራ፣ ሳይ ነበር።