ጋሽ ደቂቃና የብስክሌታቸው ቁልፍ

«አንተ ሰውዬ! እጅህን ከብስክሌቱ ላይ አንሳ!»

ቧንቧ ሠሪው ቀና ብለው ግራ ቀኙን ቃኙ። ሌባ ካለ እሳቸውም ሊያዩት ይፈልጋሉ፤ ብስክሌቱ የራሳቸው ነዋ። ዳሩ ግን በአካባቢው ከእሳቸው በስተቀር ብስክሌት የነካ ሰው አልነበረም። ጉልበታቸው መሬት ነክቷል፤ በአንድ እጃቸው የብረት መጋዝ፣ በሌላው ደግሞ ብስክሌቱን ከመብራት ምሰሶ ጋር ያሰረውን የሽቦ ገመድ ይዘዋል። እንዲህ ሆኖ የተገኘ ሰው «ባለቤቱ ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል?

«የራሴ ነው እኮ፣ እመቤት!»

«የራስህ ከሆነ ለምን ትገዘግዘዋለህ?» አለች ዘንቢል ያንጠለጠለች መንገደኛ።

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ጠዋት እንዲሁ ግድግዳ አስደግፈው የተዉት ብስክሌት፣ ከፎቁ ሲወርዱ በማያውቁት ቁልፍ ታስሮ ነው የጠበቃቸው።

«ተያቸው እመቤት፣ ብስክሌቱስ የጋሽ ደቂቃ ነው» አለ ከመንገዱ ማዶ ጫማ ሰፊው። ሴትዮዋም «እንግዲህ የራስን ንብረት መስረቅም መጥቷል!» እያለች መንገዷን ቀጠለች።

ጋሽ ደቂቃ የሚለው ስም ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም። ቧንቧ ሊጠግኑ ሲገቡ ብስክሌታቸውን ደጅ ያቆሙና በቅርብ ላገኙት ሰው «ዓይንህ እዚህ ላይ ይሁን፤ አደራ፤ አንድ ደቂቃ ነው» ይላሉ። የእሳቸው ደቂቃ ጠዋት ትገባና ቀትር አልፎ ትወጣለች። ከጫማ ሰፊው ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ፎቅ ደግሞ ቧንቧው ያረጀ ስለሆነ፣ አንዱን ሲደፍኑት ሌላው ይከፈታል፤ ስለዚህ አደራው ዘወትር የሚወድቀው በጫማ ሰፊው ላይ ነበር።

«ማነው ያሰረብኝ?» ሲሉ ጮኹ ወደ ማዶ። «አላየህም?»

ጫማ ሰፊው ራሱን ከያዘው ጫማ ላይ ሳያነሳ «አላየሁም» አለ።

ይህች «አላየሁም» ጋሽ ደቂቃን ከመጋዙ ጥርስ ይልቅ ወጋቻቸው። አደራ የተባለ ሰው እንዴት አያይም? ነገሩን ሳያብላሉት ገመዱ ጠቅ ብሎ ተበጠሰ። ወዲያው ደግሞ ከፎቁ በር ምራታቸው ቁልፍ በእጇ ይዛ እያለከለከች ወጣች።

«አባባ! እኔ ነኝ እኮ ያሰርኩት! ቁልፉን ልሰጥዎት ስፈልግዎት ጭንቅላትዎን ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከተው ነበር፤ ብጠራ ብጠራ የሚሰማኝ አጣሁ። ዞሬ ስወርድ ደግሞ እርስዎ በሌላው ደረጃ ወርደዋል።»

«አንቺ ነሽ?» አሉ ጋሽ ደቂቃ የተበጠሰውን ገመድ እንደ ሞተ እባብ አንጠልጥለው። «ይኸው ቁልፍሽ! አንድ ሽማግሌ እያላበው የቆረጠውን ወጣት ሌባ በጥርሱ አይበጥሰውም ትያለሽ?»

ምራታቸው በመድን ድርጅት ውስጥ የምትሠራ፣ ንብረት ጠፋብኝ የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያናግራት ሴት ናት። የሰው ሐዘን ሲደጋገምባት ጊዜ ሌባ ምን እንደሚወድና ምን እንደሚጠላ ከሌባው ባልተናነሰ አውቃለች። ያን ቀን ግን አፍራ ገመዱን ከእጃቸው ተቀበለች።

«እውነትዎን ነው፤ ቀለሙ ማርኮኝ ነው የገዛሁት» አለች።

ብስክሌቱን በመካከላቸው እየገፉ ወደ ቤት አቀኑ።

«ልጄ፣ ሐሳብሽ መልካም እንደሆነ አላጣሁትም» ሲሉ ጀመሩ ጋሽ ደቂቃ። «ግን የጫማ ሰፊውን ዓይን እያየሁ ብስክሌቴን ብቆልፍ፣ ‹አንተን አላምንህም› ማለቴ አይደለም? ብስክሌት ቢጠፋ በብስክሌት ይተካል። የዚያ ሰው ፊት ቢዞርብኝ ግን በምን እተካዋለሁ?»

«ቁልፉ ለእሳቸው ሳይሆን ለማያውቁት መንገደኛ ነው፣ አባባ።»

«መንገደኛው ይሄዳል፤ ቁልፉን ቀኑን ሙሉ የሚያየው ጫማ ሰፊው ነው።»

«የጥንት ሰዎችስ ‹ሰውን ማመን ቀብሮ ነው› ይሉ የለ?»

«ይላሉ። እንዲህ ከሚሉ ሰዎች ጋር ጎረቤት ሆነሽ ታውቂያለሽ? ጨው እንኳ አያበድሩሽም።»

ምራት ሳቀች። አማቷ በክርክር እንደማይረቱ ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ታውቃለች፤ ስለዚህ በሌላ በር ገባች።

«እሺ፣ እኔ ዛሬ ብስክሌቱን ሳስረው ማንም አላየኝም። በእኔ ፈንታ ሌባ ቢሆን ኖሮ ተቀምጦበት ይሄድ ነበር። ቢሄድስ ኖሮ፣ እርስዎ ማታ ትራስ ላይ ጋደም ሲሉ በመጀመሪያ ማንን ያስቡ ነበር?»

ጋሽ ደቂቃ የተጠየቁት ስላልሆነ ነገር ቢሆንም ሐሳቡ ቀድሞ ከልባቸው ገብቶ ነበር፤ ያቺ «አላየሁም» አሁንም አልወጣችላቸውም። ጥርጣሬ እንደ ግድግዳ ውስጥ ፍሳሽ ነው፤ ቀለሙ ሲላጥ እንጂ ሲጀምር አይታይም።

«ቁልፍ የሌለው ብስክሌት ሲጠፋ» አለች ምራት ቀስ ብላ፣ «ሌባው ብስክሌቱን ይወስዳል፤ ጎረቤት ደግሞ ስሙን ያጣል። በሥራ ቦታዬ ስንቱን አየሁ መሰለዎት! ብስክሌቱ ተተክቶላቸው ሰላምታው ያልተተካላቸው አሉ።»

«እንግዲያው ቢቆለፍስ?» አሉ ሽማግሌው በለሰለሰ ድምፅ። «ይኸው ቆርጬ አሳየሁሽ።»

«ጠንካራ ቫልቭ በላስቲክ ቱቦ ላይ ገጥመው ያውቃሉ?»

«እኔ? ምን ነካሽ? ቱቦው ይፈነዳል እንጂ! ውሃ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ነው የሚወጣው።»

«ሌባም እንደዚያው ነው።»

ጋሽ ደቂቃ ቆሙ። በሙያቸው የመጣባቸውን ክርክር መልሶ መግፋት አልሆነላቸውም። አንድ ሰው ትምህርት ቤት ሳይገባ የተማረውን ነገር ካስታወሱት፣ ለቀረው ብዙ ማስረዳት አያሻም። ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ትተው ወደ ቁሳቁስ መሸጫው ዞሩ።

ባለሱቁ ገበያ ያገኘ መሆኑን ሲያውቅ አንዲት ትንሽ ሣጥን አወጣ። «ይቺ አላርም ናት፤ ኮርቻው ሥር ትታሰራለች፤ ሰው ከነካት አገር ይያዝ ትላለች። ይቺ ካለችዎት ቁልፍ ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ ነካ አደረጋት። ሱቁ ተናወጠ። ጋሽ ደቂቃ ጆሯቸውን ይዘው ወደ ደጅ ተመለከቱ፤ ከመንገዱ አላፊ አግዳሚ አንድ እንኳ ዞር ያለ አልነበረም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ?» አለች ምራት። «ሌባው ተቀምጦበት ከሄደ በኋላ ብትጮህ፣ ለሌባው መንገድ ማስከፈቻ ጥሩምባ ትሆናለች። አላርም ቁልፉ ሌባውን ሲያዘገየው ነው የምትጠቅመው፤ ያውም እርስዎ ወይም የሚያውቅዎት ሰው በሚሰማበት ቦታ።»

«ነፋስ ሲነካትስ?» አሉ ጋሽ ደቂቃ።

«ይቺኛዋ ለነፋስም ለድመትም ትጮሃለች» ሲል አመነ ባለሱቁ ሌላ ሣጥን እያወጣ። «የዚህችን ግን የንቃቷን መጠን ማስተካከል ይቻላል፤ መጀመሪያ ሲነኳት እጥር ያለች ማስጠንቀቂያ ትሰጥና፣ ካልተዋት ነው ጩኸቷን የምትለቀው።»

«ይህቺን። በሆነ ባልሆነው ለሚያለቅስ ልጅ እናቱም አትደነግጥም።»

ከዚያ በኋላ ምርጫውን ማን እንደያዘው ለባለሱቁም ግልጽ አልነበረም። ጋሽ ደቂቃ እያንዳንዱን ቁልፍ በእጃቸው መዘኑ፤ በጥፍራቸው መቱ፤ ማጠፊያውን አገላበጡ። ትልቅ ጓጉንቸር የተንጠለጠለበትን ቀጭን ሰንሰለት «ጡንቻው ራስ ላይ ብቻ ነው» ብለው መለሱት። በመጨረሻ የፈረስ ጫማ የመሰለ፣ ከጠንካራ ብረት የተሠራ ወፍራም ቁልፍ ያዙ።

«ጥሩ ነው፤ ግን ከዚህ ጠበብ ያለውን ይያዙ» አለች ምራት። «ውስጡ ሰፊ ከሆነ ሌባው ፌሮ አስገብቶ የሚፈነቅልበት ቦታ ያገኛል። የኋላውን ጎማና ፍሬሙን አንድ ላይ ከማይነቀል ነገር ጋር ይሰሩበት። የፊቱን ጎማ ብቻ ያሰረ ሰው፣ ተመልሶ ሲመጣ የሚያገኘው ያሰረውን ብቻ ነው።»

«ለፊተኛው ጎማ ይህን ሰንሰለት እጨምራለሁ። የሚታሰርበትን ግን ለኔ ተይው። የዚያን ሰፈር ብረት ሁሉ አውቀዋለሁ፤ የትኛው ምሰሶ ሲወዘውዙት እንደሚነቀል፣ የትኛው አጭር ሆኖ ብስክሌቱን ከነቁልፉ ወደ ላይ እንደሚያስመዝዝ።»

«ቁልፉንም መሬት አያስነኩት፤ መሬት ከነካ መዶሻ ይመቸዋል። ቀዳዳውን ወደ ታች ያዙሩት።»

«ዝናብም አይገባበት» አሉ ጋሽ ደቂቃ፤ ይህችን እንኳ ራሳቸው መጨመራቸው ደስ አሰኛቸው።

ቁልፉ ተገዛ እንጂ ልባቸው ግን ገና አልተገዛም። በማግስቱ ያንን ሁሉ ብረት በዕቃ መያዣቸው ተሸክመው፣ ብስክሌቱን እንደ ልማዳቸው ግድግዳ አስደግፈው «አደራ!» ብለው ገቡ። በበነጋውም እንዲሁ። ጃንጥላ በክንዱ አንጠልጥሎ ዝናብ የሚመታው ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ጋሽ ደቂቃን አይታችኋል። ምራታቸው ይህን ስታውቅ አልተቆጣችም። «ጫማ ሰፊው ይቀየሙኛል ካሉ፣ ሄደው እሳቸውኑ ይጠይቋቸው» ብቻ አለች።

ሄዱ። ጫማ ሰፊው በአፉ ምስማር ይዞ ተረከዝ ይመታል። ጋሽ ደቂቃ ከደንበኞች በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ስለ ቧንቧ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ቆዳ ጥራት አወሩ፤ በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ብስክሌቴን ልቆልፍ አስቤያለሁ። አንተን ጠርጥሬ አይደለም። እንዳትቀየመኝ።»

ጫማ ሰፊው መዶሻውን አስቀመጠ። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። ጋሽ ደቂቃ በዚያች ጊዜ ውስጥ ወዳጃቸውን ያጡ መሰላቸው።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ «ያን ቀን ምራትዎ ስታስረው አይቻለሁ።»

«አይተሃል? ታዲያ ምነው...?»

«ደስ ብሎኝ ነዋ! ‹ተመስገን፣ ታሰረ› ብዬ ሽርጤን ፈትቼ፣ ወደ ቤቴ ለምሳ ልነሳ ስል እርስዎ መጋዝ ይዘው ደረሱ። ምን ልበል? አፍሬ አላየሁም አልኩ።»

«ለምሳ?»

«ቤቴ ከዚህ ማዕዘን ዞር ሲሉ ነው። ባለቤቴ ማዕድ ዘርግታ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ ብስክሌት እጠብቃለሁ። እርስዎ ፎቁ ላይ ያሉ ቀን ምሳዬን በሳህን ተሸፍኖ ማታ ነው የማገኘው። ‹ከእኔና ከጋሽ ደቂቃ ብስክሌት ማንን ትመርጣለህ?› ካለችኝ ሰነበተች።»

«አንተ ሰው! አፍ አውጥተህ አትነግረኝም?»

«ታላቅ ሰው ‹አደራ› ሲል እምቢ ይባላል?»

ጋሽ ደቂቃ ስንት ዘመን ቁልፍ መግዛት ሰውን መስደብ ነው ሲሉ ኖረዋል! ለካ ብስክሌቱን ሳያስሩ የኖሩት ሰውየውን አስረው ነው። ያውም ያለ ሰንሰለት፣ በአንዲት ጨዋ ቃል። አደራ ትልቅ ነገር ነው፤ ትልቅ ነገር ደግሞ ለትልቅ ጉዳይ ይቀመጣል፤ ብረት ሊሠራው ለሚችለው ሥራ የወዳጅን ጉልበት ማባከን አክብሮት አይደለም። ይህን ራሳቸው ለራሳቸው ነገሩት፤ ከምራታቸው አፍ ቢሰሙት ኖሮ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይከራከሩ ነበር።

ተነስተው ወጡ። ብስክሌቱን ከፎቁ መስኮት ወፍራም ብረት ጋር አስጠግተው የኋላውን ጎማና ፍሬሙን በአንድ ላይ ቆለፉ፤ ቀዳዳውን ወደ ታች አዞሩ፤ ሰንሰለቱን በፊተኛው ጎማ አሳልፈው አጠበቁ፤ አላርሙን አበሩ። ሞክረው ሲነቀንቁት ማስጠንቀቂያው ጮኸባቸው፤ ፈገግ አሉ።

«አሁን ተነስ፤ ቤትህ ሄደህ ትኩስ ምሳህን ብላ!»

«ሱቁስ? ጫማቸውን ሊወስዱ የሚመጡ አሉ።»

«እኔ አለሁ። እስከ ዛሬ ለጠበቅህልኝ እኔ ዛሬ ብጠብቅልህ ምን አለበት? ሥራዬንም ጨርሻለሁ።»

ጫማ ሰፊው ሁለተኛ ሳይባል ሽርጡን ፈታ፤ እጁን ታጠበ፤ ፀጉሩን ሳይቀር አበጠረና ሄደ። ጋሽ ደቂቃ በቦታው ተቀመጡ። መጀመሪያ ደስ አላቸው። እንግዲህ ጣሪያ ላይ ሆነው በየጊዜው አንገታቸውን ወደ መንገዱ አያስረዝሙም፤ ፍሳሹን ተረጋግተው ይደፍናሉ፤ ወዳጃቸውንም ጠዋት ሰላም ሊሉት እንጂ ዘብ ሊያቆሙት አይመጡም። ከዚያ አንዷ የቦቷን ዚፕ ጠየቀች፤ አንዱ የወንድሙን ጫማ በቀለሙ ብቻ እንዲያገኙለት ፈለገ፤ ሌላው ደግሞ «እርስዎ ማነዎት?» አላቸው። ሽንታቸው መጣ፤ የት ይሂዱ? ሱቁን ትተው እንዴት ይሂዱ? ወገባቸው በዚያች በርጩማ ላይ ደነዘዘ። ጥላው ከአንዱ የመንገድ ዳር ወደ ሌላው ተሻገረ።

ጫማ ሰፊው ፊቱ ላይ የትራስ ምልክት ይዞ፣ በእርጋታ እየተራመደ መጣ።

«ምነው አንተ?» አሉ ጋሽ ደቂቃ ብድግ ብለው። «ምሳ ብቻ ነው እኮ ያልኩህ! ምን ስትበላ ቆየህ?»

ጫማ ሰፊው ሽርጡን አሰረ፤ መዶሻውን አነሳ።

«የተጠራቀመ ነበር፣ ጋሼ።»