ከሱቅ ጀርባ ያለ ቤት

በደጋም በቆላም ለምትገኙ፣ ለመላው የጋሞ ዞን ሕዝብ፦ የገረሴው ነጋዴ አቶ ኸሊፋ ሱሩር በዛሬዋ ዕለት፣ በአርባ ምንጭ መናኸሪያ፣ በሕዝብ ፊት፣ ቡናማ ሹራባቸውን ማውለቃቸውን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን።

ነገሩን አቅልላችሁ እንዳታዩት። ያ ሹራብ በገረሴ ብርድ ክረምት ከበጋ ከገላቸው ተለይቶ አያውቅም። ሰርግ ላይ ከኮት ሥር፣ ለቅሶ ላይ ከጋቢ ሥር ነበር። ልጃቸው ሙባረካ አባቷ ከነሹራባቸው የተወለዱ ይመስላት ነበር። የአርባ ምንጭ ሙቀት ግን ለማንም አያዳላምና፣ ኸሊፋ ከመኪና እንደወረዱ አውልቀው ክንዳቸው ላይ ጣሉት፤ ግንባራቸውንም በእጅጌው ጠረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ አገር ሰው እንዴት ነው የሚነግደው?»

«በቲሸርት ነዋ፣ አባዬ» አለች ሙባረካ።

የመጡት ቤት ሊያዩ ነው። ሙባረካ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ታናሽ ወንድሟ ካሚልም ማንበብ ጀምሯል። እናታቸው ረሒማ «ልጆቹ አርባ ምንጭ ይማሩ» ብላ ዓመት ሙሉ ስትወተውት ከርማ፣ ኸሊፋ በመጨረሻ እጅ ሰጡ። ትምህርት ቤት ተገኝቷል። የቀረው ሰፈር ነው፤ እሱንም ኸሊፋ በልባቸው ጨርሰውታል።

ከመናኸሪያው በር ሳይወጡ አንድ ድምፅ ከኋላ ጠራቸው።

«ሐጂ! እርስዎ ነዎት? ያለ ሹራብ እኮ አላወቅኩዎትም!»

ዞር ሲሉ ዘካሪያስ ነው። የገረሴ ጎረቤታቸው ልጅ፣ ከትልቁ ልጃቸው ከሳላዲን ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጦ የተማረ፣ አሁን ደግሞ እዚህ አርባ ምንጭ መምህር የሆነ። ከደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ ብቅ ብሏል፤ አንዱ ቀይ ነው።

«ሐጅ አልሄድኩም አልኩህ እኮ፣ ልጄ። መካ ይቅርና ጂንካን አላየሁም።»

«ገረሴ በሙሉ ሐጂ ነው የሚልዎት።»

«ገረሴ ምን ቤት ነው? አባትህ ደህና ነው?»

«ጌታ ይመስገን። ሳላዲንስ?»

«አልሐምዱሊላህ። ሱቁን ይዞ ቀርቷል። የተረፈውን ዕቃ ሸጦ፣ ያልተሸጠውን ጭኖ ይከተለናል። ልንገባ ነው እኮ ወደዚህ!»

ዘካሪያስ ደስ አለውና እጃቸውን ይዞ ጁስ ቤት አስገባቸው። ማንጎ ቀረበ። ሙባረካ ከቦርሳዋ የተረት መጽሐፏን አውጥታ በማንኪያና በገጽ መካከል ጠፋች። ትልልቆቹም ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ቤቱ የት ነው?» አለ ዘካሪያስ።

«እዚሁ ታች ሲቀላ፣ ገበያው አፍ ላይ። ከፊት ሰፊ መጋዘን፣ ከጀርባ ሁለት ክፍል። ማሻአላህ የሚያሰኝ ቦታ ነው! በገበያ ቀን ቆሜ አይቼዋለሁ፣ ሰው እንደ ጉንዳን ነው የሚተራመስበት።»

«ልጆቹስ የት ሊማሩ ነው?»

«አንተው የምታስተምርበት ነዋ፣ ላይ ሴቻ።»

«ታዲያ ዳገቱን በየቀኑ በምን ሊወጡት?»

«በባጃጅ።»

«ለእርስዎስ ባጃጅ የለም?»

ኸሊፋ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ምን ማለትህ ነው?»

«ልጆቹ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ይኑሩ፣ እርስዎ ወደ መጋዘንዎ ይውረዱ ማለቴ ነው። ትልቅ ሰው ባጃጅ ውስጥ ቢጨናነቅ ይቆጣል እንጂ አይጠፋም።»

«ነጋዴ ከዕቃው ተለይቶ ያድራል? አንተ ልጅ፣ ጸሐይ መታህ እንዴ?»

«ዘበኛ ይቀጥራሉ።»

«ዘበኛውን ማን ይጠብቀዋል?»

ይህ ጥያቄ በንግዱ ዓለም እስካሁን መልስ ስላልተገኘለት ዘካሪያስ ዘሎት አለፈ። ጣቶቹንም ዘረጋ። መምህር ጣት ከዘረጋ ነገሩ ረዥም መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

«ሐጂ፣ ልጅ ይዞ ሰፈር የሚለውጥ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የልጁን መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ ልጁ ደብተሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ጸጥ ያለ ቦታ መኖሩን። ሦስተኛ…»

«ዩኒቨርሲቲ ጣት መቁጠር ነው ያስተማሩህ? ያንንማ እኛም ሱቅ ውስጥ እናስተምራለን። ይልቅ ልጠይቅህ፣ አንተ ራስህ የት ነው የምትኖረው?»

ዘካሪያስ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሲቀላ።»

«በል!»

«ልጅ የለኝማ፣ ሐጂ! ደግሞ ሲቀላ መጥፎ ነው አላልኩም። ውስጥ ውስጡን ጸጥ ያለ ሰፈር ሞልቷል። የፈራሁት ገበያ አፉን ነው። እርስዎ ቦሎቄ ሲገዙ ጆንያውን ከአፉ አይተው ነው የሚገዙት?»

«ወላሂ አላደርገውም! ከአፉ ያለውንማ ገበሬው መርጦ ነው የሚያስቀምጠው። ጆንያውን በብረቴ ወግቼ ናሙናውን ከሆዱ ነው የማወጣው።»

«ይሄን ሰፈርስ የት ጋ ወጉት? በገበያ ቀን፣ በእኩለ ቀን፣ በነጋዴ ዓይን ነው ያዩት። አፉን ነው ያዩት። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምን ይመስላል? ሲመሽስ፣ ጭነት መኪና ሲያራግፍ?»

ኸሊፋ ነገሩ ትንሽ ነካቸው፤ በራሳቸው ብረት ነውና የተወጉት። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

«ሴቻ የቢሮ ሰው ሰፈር ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁሉም አጥሩን ዘግቶ ነው የሚኖረው። ማን ያውቀኛል? ረሒማ ብትታመምብኝ ማንን እጠራለሁ? መስጊዱስ?»

«አዛኑ እኛ ክፍል ድረስ ይሰማል። ጎረቤቱን ደግሞ… ገረሴ መጀመሪያ ሲመጡ ማን ያውቅዎት ነበር?»

ኸሊፋ ፈገግ አሉ። «አባትህ። ዝናብ ላይ ጨው ተሸክሜ ስመጣ መጀመሪያ ጨዉን አስገባ፣ ቀጥሎ እኔን።»

«እንግዲያው ሴቻም ዝናብ ይዘንባል።»

«አፍህስ ተምሯል» አሉ ኸሊፋ። «ግን ስማኝ። እኔም ከሱቅ ጀርባ ነው ያደግኩት፤ አባቴም እንደዚያው። ልጅ ዓይንህ ሥር ያድጋል። እንጀራውን ያውቃል፣ ሰው ያውቃል፣ አይባልግም። ሳላዲንን አላየህም? የሱን ያህል ጨዋ ልጅ ገረሴ ውስጥ አለ?»

«የለም። ግን ሳላዲን ለምን ከስምንተኛ ክፍል ቀረ?»

«ትምህርቱ አልገባ አለዋ።»

ዘካሪያስ ጣቶቹን ሰበሰበ። ድምፁም ከመምህር ድምፅ ወደ ጎረቤት ልጅ ድምፅ ወረደ።

«ሐጂ፣ እኔ ሒሳብ የምገለብጠው ከሱ ነበር።»

ኸሊፋ ሹራባቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ። ልጁ «አልገባኝም» ብሎ ነግሯቸው እንደሆን ለማስታወስ ሞከሩ። እንዲህ ያለ ቃል ከሳላዲን አፍ ወጥቶ ትዝ አላላቸውም። ትዝ የሚላቸው አንድ ጠዋት ትምህርቱን ትቶ ሱቁን ቀድሟቸው ከፍቶ ማግኘታቸው ብቻ ነው። ያን ቀን ምርቃት አዥጎድጉደውለት ነበር።

«ተነስ» አሉ በመጨረሻ። «ቤቱን አይተህ ትፈርዳለህ።»

አከራይዋ ወይዘሮ ወርቂቱ መጋዘኑን ከፍታ ጠበቀቻቸው። ምላሷ ፈጣን፣ ቁልፏ ብዙ የሆነ ሴት ናት።

«ግቡ፣ ግቡ! ይሄ ባንኮኒ ከነመደርደሪያው ይቀርላችኋል። ከጀርባ ያውላችሁ፣ ልጆች እዚህ፣ እናንተ እዚያ። በሩ ወደ መጋዘኑ ነው የሚከፈተው፤ ሌባ የለ፣ ምን የለ!»

«ልጆቹ ለመውጣት በመጋዘኑ ውስጥ ማለፍ አለባቸው?» አለ ዘካሪያስ።

«ታዲያ በጣሪያ ይውጡ?» አለች ወርቂቱ።

ኸሊፋ በዚህ መልስ ተደስተው ዘካሪያስን በጎን አዩት። ከዚያ ግድግዳውን መታ መታ አደረጉ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ስኳሩ ከየት እስከ የት እንደሚደረደር በእጃቸው አየር ላይ ሣሉ። ሙባረካ ከኋለኛው ክፍል ደፍ ላይ ተቀምጣ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። ተረቱ ጥሩ ቦታ ላይ ሳይደርስ አልቀረም፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ያኔ ከመንገድ ላይ፣ ክፍት በር ያየች አንዲት ሴት ተጣራች።

«ባለሱቅ! ኧረ ሰው የለም? ጨው አለ?»

«አቤት! መጣሁ!»

ሙባረካ ነበረች። መጽሐፉ ከጉልበቷ ተንሸራቶ በፊቱ መሬት ላይ ተደፋ፤ እሷ ዘወር ብላም አላየችው። በሩጫ ባንኮኒው ጋ ደረሰች፤ እጇ ሚዛን ሊኖር ወደሚገባው ቦታ ተዘረጋ፤ ዓይኗ ጨው ወደሚቀመጥበት መደርደሪያ ሄደ። መደርደሪያው ባዶ ነው። ሱቁም ገና የእነሱ አይደለም። ልጅቷ በማታውቀው ከተማ፣ በሰው ቤት፣ የሌለ ጨው ልትሸጥ ቆማለች።

«ውይ!» አለችና ሳቀች። ገዢዋም ሳቀች። ወይዘሮ ወርቂቱማ ባንኮኒውን ይዛ ተንፈቀፈቀች። «እቺ ልጅ ነጋዴ ናት! አባቷን ትሸጠዋለች!»

ዘካሪያስ፣ ለክብሩ ሲባል ይጻፍለትና፣ አንድም ጣት አላነሳም።

ኸሊፋ አልሳቁም። ያንን ሩጫ ያውቁታል። ትከሻው ወደ ፊት ዘንበል ያለ፣ ጆሮው ከእግሩ የቀደመ ሩጫ ነው። የሳላዲን ነው። እራት ላይ፣ ፈተና ሲደርስ፣ ሻማ አብርቶ ሲጽፍ፣ «ሳላዲን! ሰው መጣ!» ብለው ይጠሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ኋላማ መጥራትም ቀርቶ ነበር። እንደ ዛሬዋ ልጅ ሳይጠሩት ይሮጥ ጀመር። ይሄ ነበር የሚያኮራቸው።

ጎንበስ ብለው መጽሐፉን አነሱ። አቧራውን በሹራባቸው ጠረጉት፤ ገጾቹን አገላበጡ።

«የት ደርሰሽ ነበር?»

«ረሳሁት፣ አባዬ።»

ኸሊፋ መጽሐፉን ዘግተው ሰጧት። ከዚያ ወደ ወርቂቱ ዞሩ።

«መጋዘኑን እወስዳለሁ። የጀርባውን ክፍሎች ለጨው አደርጋቸዋለሁ።»

«ለጨው? ሁለት ክፍል ሙሉ? ሰዉስ የት ሊያድር?»

«ሰዉ ዳገት ይወጣል» አሉ ኸሊፋ። ወደ ዘካሪያስም ዘወር ብለው «አንተስ ምን ቆመሃል? ባጃጅ ጥራ እንጂ! የዚያን ሰፈር ሆዱን አሳየኝ።»

በዚያው ዕለት አላበቃም፤ ኸሊፋ የተነከሩበትን ነገር ሳያጣሩ አይተዉም። ሴቻን በማለዳ አዩት፣ ተማሪ ሲለቀቅ አዩት፣ ሲመሽም አዩት። ከትምህርት ቤቱ ዘካሪያስ እስካሳያቸው የኪራይ ቤት በልጅ እርምጃ ሄዱ፤ አንድ ጊዜም ሙባረካን ከፊት አስቀድመው እሳቸው ከኋላ ተደብቀው ተከተሏት። ቤት ጠባቂ ውሻ የት እንዳለ፣ ውኃ በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ፣ በሩ ላይ ስትቆም ማን ሰላም እንደሚል መረመሩ። መጀመሪያ ሰላም ያሏቸው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ሁለት እጅ ሙዝ ጨምረው።

እነሆ አሁን ወር አልፏል። ሙባረካና ካሚል እጅ ለእጅ ተያይዘው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሄዳሉ፤ ምሳቸውንም ቤት መጥተው ይበላሉ። ማታ ደብተር ሲዘረጋ በሩ ይዘጋል፤ የሚጣራም የለም። ረሒማ ለአሮጊቷ ሾርባ ትልካለች፣ አሮጊቷ ልጆቹ ሲያጠፉ ይቆጡላታል፤ ይኸውም ጎረቤትነት መጀመሩን ያሳያል። አልጋ ላይ አጎበር መስቀል ግን ሴቻም አልቀረላቸውም፤ ቢምቢ ዳገት አይፈራም።

ኸሊፋም የመጀመሪያውን ሌሊት ለመጋዘኑ የቀጠሩትን ዘበኛ ማን እንደሚጠብቀው ሲያስቡ አደሩ። በሁለተኛው ተኙ። እራታቸውን ከመሃል ሳይነሱ፣ ትኩሱን፣ እስከ መጨረሻው መብላት ከጀመሩ ወዲህ ረሒማ አገጯን በእጇ ይዛ ታያቸዋለች።

«ለካ አንተ ስትበላ ታኝካለህ» አለቻቸው አንድ ቀን።

ሰፈር ሲመረጥ ለልጅ ከተመረጠ ለአዋቂም የሚተርፍ መሆኑን ዘካሪያስ ለመምህራኑ ሁሉ አስተምሯል፤ ጣቱን ዘርግቶ። ኸሊፋ ግን ስለዚህ ጉዳይ አይናገሩም። ማታ ማታ ከመስጊድ ሲመለሱ በትምህርት ቤቱ በር በኩል ያልፋሉ። በዚያ ሰዓት የማታ ተማሪዎች ይገባሉ፤ ሾፌር አለ፣ ባለትዳር አለ፣ ጺሙ የሸበተም አለ፤ ሁሉም ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዞ። ኸሊፋ ቆመው ያያሉ። አንድ ምሽትም የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ስለ ማታ ምዝገባ ጠይቀው፣ መልሱን ሰምተው፣ ወደ እንጨት ሥራ ቤት ጎራ አሉ።

ሳላዲን በሳምንቱ የመጨረሻውን ጭነት ይዞ ከገረሴ ገባ። ዕቃውን ሲቀላ አራግፎ፣ ጨዉን በሁለቱ ክፍሎች ደርድሮ፣ የመጋዘኑን ዘበኛ በዓይኑ መርምሮ ሴቻ ወጣ። እናቱ ሳመችው። ካሚል አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ። ሙባረካ እጁን ይዛ ወደ ማጥኛቸው ክፍል ወሰደችው።

መሃል ላይ ረዥም ጠረጴዛ አለ፤ በዙሪያው ሦስት ወንበር። ሁለቱ የልጅ ቁመት ናቸው። ሦስተኛው አዲስ፣ ከፍ ያለ፣ ሰፊ መደገፊያ ያለው ነው፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ሳላዲን ከበሩ ላይ ቆሞ አያቸው። አባቱ ከኋላው ደረሱ።

«ይሄ የሙባረካ፣ ያ የካሚል» አለ ሳላዲን። «ይሄኛው የማን ነው፣ አባ?»

«ወንበር ነው።»

«ወንበር መሆኑንማ አየሁ። ለማን አሠራኸው?»

ሙባረካ አፏን በደብተሯ ሸፈነች።

«አልናገርም» አሉ ኸሊፋ፣ ወንበሩን ሳብ አድርገውለት።