ከደረጃው ሥር አሥር ደቂቃ

አቶ ኦልጅራ የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኞችን በሰርቪስ አውቶብስ ሲያመላልሱ ውለው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲደርሱ፣ ጎረቤታቸውን ነርስ ሐናንን ከደረጃው ሥር ድንጋይ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣ አገኟት።

«ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ደኅና ነኝ ጋሼ። የቀኑን ድካም እያራገፍኩ ነው። አሥር ደቂቃ በዝግታ ተንፍሼ እገባለሁ።»

«ጉድ እኮ ነው! ድካም የሚወጣው በእንቅልፍ ነው። ቁጭ ብሎ መተንፈስማ የሥራ ፈት ነው። እኔን ሠላሳ ዓመት መሪ ስጨብጥ ማን አሳርፎኝ ያውቃል?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሞተሩ እንደጋለ የራዲያተሩን ክዳን ይከፍታሉ?»

«አብደሻል? እንፋሎቱ ፊቴን ሊልጠው! እስኪበርድ እጠብቃለሁ እንጂ።»

ሐናን አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ግድግዳችን አንድ ነው፤ ይሰማል። እርስዎ ግለው ሲገቡ የሚቃጠሉት ባለቤትዎ እትዬ ብዙወርቅ ናቸው።»

አቶ ኦልጅራ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ትናንት «ወጡ ቀዘቀዘ» ብለው ሲጮኹ፣ ባለቤታቸው ቃል ሳትመልስ መኝታ ቤት መግባቷ ትዝ አላቸው። እውነት ከልጅ አፍ ሲሰሙት ይመራል፤ መድኃኒትም ይመራል።

«እሺ፣ እንዴት ነው የሚደረገው?» አሉ እየተቀመጡ።

«ስልክዎን ይዝጉት። በአፍንጫዎ አየር በቀስታ ይሳቡ፤ ሲያወጡ የበለጠ ቀስ ይበሉ። ሐሳብ ቢመጣ አይታገሉት።»

መጀመሪያ እግራቸው ፍሬን የሚረግጥ ይመስል ይወራጭ ነበር። ቆይቶ ትከሻቸው ወረደ። «ለካ ቀኑን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ነው የምውለው!» አሉ ተገርመው።

ያን ዕለት ሳይጮኹ ስለገቡ፣ ብዙወርቅ ታመው መስሏት ግንባራቸውን ዳሰሰች። እሳቸው ግን በማግስቱም፣ በሳልስቱም ከደረጃው ሥር ተቀመጡ። ከእራት በፊትም ከባለቤታቸው ጋር በብሎኮቹ ዙሪያ በእግር መዞር ጀመሩ። ለሠራተኛ ሰው ይህች ትንሽ ፋታ ስንፍና አይደለችም፤ እንቅልፍን ታጣፍጣለች፣ ቁጣን ታበርዳለች፣ ዝም ያለውንም ቤት ታናግራለች።

በሦስተኛው ሳምንት ሲዞሩ ብዙወርቅ ቆም አለች።

«ሳሪስ ያለችው ልጃችን ልዕልት ነፍሰ ጡር ናት። ከነገረችኝ ወር አለፈ፤ ልነግርህ ብዬ ደኅና ቀን ሳጣ ከረምኩ።»

«ፈርተሽኝ ነው?»

«ያኔ፣ አዎ።»

አቶ ኦልጅራ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «በይ ደውዪና ስጪኝ፤ እንኳን ደስ አለሽ ልበላት።»

ልዕልት በእናቷ ስልክ የመጣውን ለስላሳ የወንድ ድምፅ ሰምታ ግራ ተጋባች።

«ይቅርታ፣ ማን ልበል?» አለች።